አዲስ አበባና ዋሽንግተን፦ መሄጃው ከመመለሻው ለምን ይረዝማል?

ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን ያለው መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከደብረ ብርሃን እስከ አዲስ አበባ ያለውም እንዲሁ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ይህን ለማወቅ ሳይንስ መማር አያስፈልግም። ይሁን እንጂ ከቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥቶ ወደ ዋሽንግተን ዱለስ አውሮፕላን ማረፊያ የሄደና የተመለሰ መንገደኛ አንድ እንግዳ ነገር ማስተዋሉ አይቀርም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1998 ወደ ዋሽንግተን መብረር ከጀመረ ወዲህ፣ በአብዛኞቹ ዓመታት ከአዲስ አበባ የሚነሣው አውሮፕላን ነዳጅ ለመሙላት በመንገድ ላይ ሲያርፍ ቆይቷል፤ በተለያዩ ጊዜያት ሮም ወይም ደብሊን የማረፊያ ከተሞቹ ነበሩ። ጉዞውም በጠቅላላው ከ16 እስከ 17 ሰዓት ይፈጃል። በአንጻሩ ከዋሽንግተን የሚመለሰው በረራ የትም ሳያርፍ በ13 ሰዓት ገደማ ቦሌ ይደርሳል።

ሁለቱ ከተሞች አልተንቀሳቀሱም። አውሮፕላኑም ያው አውሮፕላን ነው። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? በዋሽንግተንና በአካባቢዋ በአሜሪካ ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን መካከል እጅግ ብዙዎቹ ስለሚገኙ፣ ይህ መስመር ለብዙ ቤተሰቦች የሠርግ፣ የልቅሶና የናፍቆት መንገድ ነው። መንገዱን የሚወስኑት የተፈጥሮ ሕጎች ግን ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የፊዚክስና የሒሳብ መጻሕፍት የሚርቁ አይደሉም። በዚህ ጽሑፍ እነዚህን አንድ በአንድ እንመለከታለን።

ርቀት ስንል የትኛውን ርቀት ነው?

በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ በሁለት ነጥቦች መካከል አጭሩ መንገድ ቀጥታ መስመር ነው። ምድር ግን ክብ ናት። በክብ ነገር ገጽ ላይ ቀጥታ መስመር ማስመር አይቻልም፤ የሚቻለው በገጹ ላይ የሚጎብጥ መስመር ብቻ ነው። ከሚጎብጡት መስመሮች ሁሉ አጭሩ “የታላቁ ክብ” ቅስት ይባላል። ታላቅ ክብ ማለት ሉሉን ልክ በመካከሉ፣ ማዕከሉን አቋርጦ፣ ለሁለት እኩል የሚከፍል ክብ ነው። የምድር ወገብ አንዱ ታላቅ ክብ ነው፤ ሁለቱን ዋልታዎች የሚያገናኙት የኬንትሮስ መስመሮችም እያንዳንዳቸው የታላቅ ክብ ግማሽ ናቸው።

ይህን በቀላሉ ለማየት አንድ ኳስ ወይም የትምህርት ቤት ሉል ይበቃል። ሁለት ነጥቦች ምረጡና ክር አስይዛችሁ ክሩን አጥብቃችሁ ሳቡት። ክሩ ራሱ ተንሸራትቶ አጭሩን መንገድ ይይዛል። ያ መንገድ የታላቁ ክብ ቅስት ነው።

ክር ሳንዘረጋ ርቀቱን ለማስላት የሚያስፈልገን የሁለቱ ቦታዎች ኬክሮስና ኬንትሮስ ብቻ ነው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በ8.98 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስና በ38.80 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ይገኛል። ዱለስ ደግሞ በ38.94 ዲግሪ ሰሜንና በ77.46 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ነው። አንዱ በምሥራቅ ሌላው በምዕራብ ስለሆነ የኬንትሮስ ልዩነታቸው የሁለቱ ድምር፣ ማለትም 116.26 ዲግሪ ይሆናል። ከምድር ማዕከል ሆነን ሁለቱን ከተሞች ብንመለከት በመካከላቸው የምናገኘውን አንግል “ማ” እንበለው። የሉል ትሪጎኖሜትሪ የሚሰጠን ቀመር የሚከተለው ነው፦

ኮሳይን ማ = (ሳይን ኬክሮስ 1 × ሳይን ኬክሮስ 2) + (ኮሳይን ኬክሮስ 1 × ኮሳይን ኬክሮስ 2 × ኮሳይን የኬንትሮስ ልዩነት)

ቁጥሮቹን ስናስገባ፦

ኮሳይን ማ = (0.1561 × 0.6286) + (0.9878 × 0.7778 × −0.4424)
ኮሳይን ማ = 0.0981 − 0.3399 = −0.2418

ኮሳይኑ −0.2418 የሆነ አንግል 104 ዲግሪ ገደማ ነው። የምድር አማካይ ሬዲየስ 6,371 ኪሎ ሜትር ስለሆነ በታላቅ ክብ ላይ አንድ ዲግሪ 111.2 ኪሎ ሜትር ያህል ይሸፍናል። ስለዚህ 104 በ111.2 ሲባዛ 11,565 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በሚቀጥሉት ስሌቶች 11,560 ኪሎ ሜትር በሚል የተጠጋጋ ቁጥር እንጠቀማለን። ምድር ፍጹም ሉል ሳትሆን በወገቧ በኩል በመጠኑ የሰፋች ናት፤ ሬዲየሷ በምድር ወገብ 6,378፣ በዋልታዎች ደግሞ 6,357 ኪሎ ሜትር ነው። በዚህ ምክንያት የሚመጣው ስሕተት ከግማሽ በመቶ ስለማይበልጥ ለእኛ ዓላማ ሊያሳስበን አይገባም።

ካርታው ለምን ያታልለናል?

በግድግዳ ላይ በተሰቀለ የዓለም ካርታ ላይ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን በማስመሪያ ብናሰምር፣ መስመሩ ሱዳንን፣ ቻድን፣ ኒጀርን፣ ማሊንና ሞሪታኒያን አቋርጦ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ይገባል። ብዙ ሰው አውሮፕላኑ የሚሄደው በዚሁ መንገድ ይመስለዋል። በሉል ላይ የተዘረጋው ክር ግን ሌላ ነገር ይነግረናል። አጭሩ መንገድ ከቦሌ ሲነሣ አቅጣጫው ልክ ወደ ሰሜን ምዕራብ ነው። ሱዳንን ከደቡብ ምሥራቅ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይቆርጣል፤ በሊቢያ በረሃ፣ በቱኒዚያ ደቡብና በአልጄሪያ ሰሜን ያልፋል፤ ሜዲትራኒያንን ተሻግሮ ደቡብ ስፔንንና ፖርቱጋልን ይረግጥና ውቅያኖስ ውስጥ ይገባል። ከውቅያኖሱ መካከል 45 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ገደማ ከደረሰ በኋላ ቀስ በቀስ ወደ ደቡብ እያዘነበለ አሜሪካ ይደርሳል።

ዋሽንግተን በ39ኛው ዲግሪ ላይ ሳለች ወደ 45ኛው ዲግሪ ወጥቶ መውረድ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ይመስላል። በስሌት ሲታይ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የኮምፓሱን አቅጣጫ ሳይለውጡ በካርታው ቀጥታ መስመር ቢበሩ ርቀቱ 12,090 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህም ከታላቁ ክብ ቅስት ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። የማታለሉ ምክንያት ካርታው ነው። እ.ኤ.አ. በ1569 ገራርዱስ መርካተር ያዘጋጀው የካርታ አሣሣል ለመርከበኞች ታስቦ የተሠራ ሲሆን፣ የማይለወጥ የኮምፓስ አቅጣጫን ቀጥታ መስመር አድርጎ ያሳያል። ለዚህ ጥቅም ሲባል ግን ወደ ዋልታዎች የሚቀርቡትን አገሮች እጅግ ይለጥጣቸዋል። ስለዚህ ከምድር ወገብ ርቆ የሚያልፍ አጭር መንገድ በካርታው ላይ ረጅም መስሎ ይታያል።

አውሮፕላኑ በአጭሩ መንገድ ብቻ ይሄዳልን?

አይሄድም። የታላቁ ክብ ቅስት ከዚህ በታች ሊሆን የማይችል ዝቅተኛ ርቀት ነው። አውሮፕላን የሚበረው በአገሮች የአየር ክልል ውስጥ ስለሆነ የየአገሩን ፈቃድ፣ የየአገሩን የአየር ትራፊክ ሥርዓትና የየአገሩን ሰላም ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 በሱዳን ጦርነት ሲነሣ የአገሪቱ የአየር ክልል ለሲቪል በረራዎች ተዘጋ፤ የሊቢያን ሰማይም ከ2011 ወዲህ ብዙ አየር መንገዶች ሲሸሹት ቆይተዋል። ከላይ እንዳየነው አጭሩ መንገድ የሚያልፈው ደግሞ በእነዚሁ አገሮች ላይ ነው።

ታዲያ መጠምዘዙ ምን ያህል ያስከፍላል? መልሱ ብዙዎችን የሚያስገርም ነው። አውሮፕላኑ በካይሮ በኩል ዞሮ ቢሄድ ከአዲስ አበባ እስከ ካይሮ 2,475፣ ከካይሮ እስከ ዋሽንግተን 9,385፣ በድምሩ 11,860 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ጭማሪው 300 ኪሎ ሜትር፣ በጊዜ ደግሞ 20 ደቂቃ ብቻ ነው። በሮም በኩል ሲሆን ድምሩ 11,710፣ በደብሊን በኩል ሲሆን 11,830 ኪሎ ሜትር ነው። ሮም 150፣ ደብሊን ደግሞ 270 ኪሎ ሜትር ብቻ ይጨምራሉ። በረጅም ጉዞ መካከል ወደ ጎን ማለት ርቀትን እምብዛም አይጨምርም። የተወጠረ ረጅም ገመድ መካከሉን ይዘን ወደ ጎን ብንስበው የሚያስፈልገን ተጨማሪ ገመድ ጥቂት እንደሆነ ሁሉ ይህም እንደዚያው ነው።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ቁም ነገር አለ። በደብሊን ማረፍ ጉዞውን የሚያስረዝመው በርቀቱ አይደለም። የሚያስረዝመው ለመውረድ፣ ነዳጅ ለመሙላትና እንደገና ለመነሣት በሚወስደው ጊዜ ነው። እንግዲያው ጥያቄው “ለምን በደብሊን በኩል?” ከመሆን ይልቅ “ማረፉ ለምን አስፈለገ?” ሊሆን ይገባል። ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ስለ ነፋስ ጥቂት እንበል።

ፍጥነትና ነፋስ

ቦይንግ 787 አውሮፕላን በረጅም በረራ ላይ የሚሄደው በድምፅ ፍጥነት 85 በመቶ ገደማ ነው። ኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 ይህን አውሮፕላን በመረከብ ከአፍሪካ የመጀመሪያው ሆኗል። የድምፅ ፍጥነት የሚወሰነው በአየሩ ሙቀት ነው። በ11 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሙቀቱ ከዜሮ በታች 56 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሚሆን ድምፅ በሰከንድ 295 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 1,062 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። የዚህ 85 በመቶ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ፍጥነት የሚለካው በዙሪያው ካለው አየር አንጻር ነው። አየሩ ራሱ የሚንቀሳቀስ ከሆነ አውሮፕላኑ በወንዝ ላይ እንደሚጓዝ ጀልባ ይሆናል፤ ወንዙ ወደሚፈስበት ሲሄድ ይፈጥናል፣ ወንዙን ሲጋፈጥ ይዘገያል። በሰሜን ንፍቀ ክበብ በመካከለኛ ኬክሮሶች ላይ፣ አውሮፕላኖች በሚበሩበት ከፍታ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ የነፋስ ወንዝ አለ፤ ጄት ስትሪም ይባላል። ጃፓናዊው የሜቲዮሮሎጂ ሊቅ ዋሳቡሮ ኦኢሺ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ፊኛዎችን ወደ ሰማይ እየለቀቀ ይህን ነፋስ ለካው። ሆኖም በ1926 ግኝቱን ያሳተመው በኤስፔራንቶ ቋንቋ ስለነበር ከአገሩ ውጭ ያስተዋለው ጥቂት ነው። ዓለም ነፋሱን በሚገባ ያወቀው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በከፍታ የሚበሩ የጦር አውሮፕላኖች ከተጋፈጡት በኋላ ነው።

ይህ ነፋስ በመንገዳችን ላይ በአማካይ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ይነፍሳል ብለን ለስሌት ያህል እንውሰድ። ነፋስ ባይኖር ኖሮ 11,560 ኪሎ ሜትሩ በ900 ተካፍሎ 12 ሰዓት ከ51 ደቂቃ ይወስድ ነበር። ወደ ምዕራብ ሲኬድ ከመሬት አንጻር ያለው ፍጥነት 850 ስለሚሆን ጊዜው 13 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ይሆናል። ወደ ምሥራቅ ሲመለስ ግን ፍጥነቱ 950 ስለሆነ 12 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ይበቃዋል። ልዩነቱ 1 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ነው። ለመንደርደር፣ ከፍታ ለመያዝ፣ ለመውረድና መሬት ላይ ለመጓዝ የሚወስደውን ጊዜ ስንጨምርበት ከላይ ወደጠቀስነው የ13 ሰዓት መመለሻ እንቀርባለን።

እዚህ ላይ አንድ የሒሳብ ቁም ነገር አለ። ሲሄድ የተጎዳውን ሲመለስ የሚክስ ይመስላል፤ ነገር ግን ሙሉ በሙሉ አይክስም። ነፋስ ባይኖር ደርሶ መልሱ 25 ሰዓት ከ41 ደቂቃ ይሆን ነበር፤ በነፋሱ ምክንያት 25 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ሆኗል። ምክንያቱም አውሮፕላኑ ነፋሱ በሚጎዳው አቅጣጫ የሚቆየው ነፋሱ ከሚረዳው አቅጣጫ የበለጠ ጊዜ ነው። በሰሜን አትላንቲክ ላይ የሚያልፉት የበረራ መስመሮችም በየዕለቱ በነፋሱ ሁኔታ ይወሰናሉ። ወደ ምሥራቅ የሚሄዱት ጄት ስትሪሙን ለመሳፈር፣ ወደ ምዕራብ የሚሄዱት ከእርሱ ለመሸሽ መንገዳቸውን ያስተካክላሉ። በክረምታቸው ወራት የሞቃቱና የቀዝቃዛው አካባቢ የሙቀት ልዩነት ስለሚሰፋ ነፋሱም ይበረታል፤ የበረራ ጊዜዎቹም በዚያው ልክ ይራራቃሉ።

ምድር ትዞር የለምን?

በተማሪዎች ዘንድ ተደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ምድር ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ትዞራለች፤ በአዲስ አበባ ኬክሮስ ላይ ፍጥነቷ በሰዓት 1,650 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ታዲያ ወደ ምዕራብ የሚበር አውሮፕላን ዋሽንግተን ራሷ እየመጣችለት ቶሎ ሊደርስ አይገባውም ወይ?

ነገሩ እንደዚህ ቢሆን ኖሮ ወደ ምዕራብ መሄድ እጅግ አጭር ጊዜ በወሰደ ነበር፤ እውነታው ግን ተቃራኒው ነው። አውሮፕላኑ ገና ቦሌ ላይ ቆሞ ሳለ ከምድር ጋር በዚያው ፍጥነት እየተጓዘ ነው። የሚበርበት አየርም ከምድር ጋር አብሮ ይዞራል። በሚጓዝ አውቶቡስ ውስጥ ወደ ላይ የተወረወረ ሎሚ ተመልሶ እጃችን ላይ እንደሚወድቅ ማለት ነው። ስለዚህ የምድር መዞር ለበረራ ጊዜ በቀጥታ የሚጨምረው ወይም የሚቀንሰው ነገር የለም። በተዘዋዋሪ ግን አለበት። ከምድር ወገብ አካባቢ ወደ ሰሜን የሚንቀሳቀሰውን ሞቃት አየር ወደ ምሥራቅ የሚያዞረውና ጄት ስትሪምን የሚፈጥረው ይኸው የምድር መዞር ነው። ተማሪው ያሰበው መዞር ጉዞውን ያሳጥራል ብሎ ነበር፤ በነፋሱ በኩል ሲመጣ ግን ወደ ምዕራብ የሚሄደውን ያስረዝምበታል።

የቦሌ ከፍታ የሚያስከፍለው ዋጋ

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። የቦይንግ 787-8 የጉዞ አቅም፣ አምራቹ እንደሚገልጸው፣ 13,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዳችን 11,560 ኪሎ ሜትር ከሆነ ሳያርፍ ሊደርስ አይችልም ነበርን? የአምራቹ ቁጥር የሚሠራው አውሮፕላኑ የሚፈቀድለትን ከፍተኛ ክብደት ይዞ መነሣት ሲችል ነው። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ዱለስ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 95 ሜትር ብቻ ከፍ ይላል። ቦሌ ግን 2,334 ሜትር ላይ ነው። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። በባሕር ወለል ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.225 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ በቦሌ ከፍታ ላይ ግን 0.97 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ ይህም 79 በመቶ መሆኑ ነው። በሞቃት ቀን ደግሞ ከዚህም ያንሳል።

የክንፍ የማንሳት ኃይል ከአየሩ እፍጋትና ከፍጥነት ስኩዌር ብዜት ጋር አብሮ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። እፍጋቱ ወደ 79 በመቶ ሲወርድ ያንኑ ክብደት ለማንሳት የፍጥነቱ ስኩዌር በ1.26 እጥፍ፣ ፍጥነቱ ደግሞ በ12 በመቶ መጨመር አለበት። ማኮብኮቢያው ላይ የሚያስፈልገው ርዝመት ከፍጥነቱ ስኩዌር ጋር ስለሚሄድ፣ ሌላው ሁሉ ባይለወጥ እንኳ 26 በመቶ የሚረዝም ማኮብኮቢያ ያስፈልጋል። ነገር ግን ሌላውም ይለወጣል። ሞተሮቹ የሚስቡት ያንኑ የሳሳ አየር ስለሆነ የመግፋት ኃይላቸው ይቀንሳል፤ አውሮፕላኑም ፍጥነት የሚጨምረው በዝግታ ይሆናል። ጎማዎቹም ሊያልፉት የማይገባ የፍጥነት ገደብ አላቸው። ከሁሉም በላይ አንድ ሞተር በመነሣት ላይ ሳለ ቢቆም፣ አውሮፕላኑ በቀረው ሞተር ብቻ ከፍታ እየያዘ በአካባቢው ካሉ ተራሮች ርቆ መውጣት መቻል አለበት። አዲስ አበባን የከበቧትን ተራሮች ለሚያውቅ ሰው የዚህ ትርጉም ግልጽ ነው።

ስለዚህ ከቦሌ የሚነሣ አውሮፕላን ክብደቱን መቀነስ ግድ ይሆንበታል። ምን ይቀንስ? አውሮፕላኑን ራሱን ማቅለል አይቻልም። የሚቀነሰው መንገደኛና ጭነት፣ ወይም ነዳጅ ነው። ቦይንግ 787 በሰዓት 5 ቶን ያህል ነዳጅ ያቃጥላል ብንል፣ ያለማቋረጥ ወደ ዋሽንግተን ለሚወስደው የ13.6 ሰዓት በረራ 68 ቶን ያስፈልገዋል። በሕግ ለመጠባበቂያ የሚያዘው ነዳጅ ደግሞ በዚህ ላይ ይጨመራል። እስከ ደብሊን ብቻ ለመሄድ ግን 7 ሰዓት ተኩል ስለሚበቃ 37 ቶን ገደማ ነው የሚያስፈልገው። ልዩነቱ ከ30 ቶን በላይ ነው። አንድ መንገደኛ ከነሻንጣው 100 ኪሎ ይመዝናል ብንል ይህ የ300 ሰው ክብደት ነው፤ ይህም ከአንድ 787-8 መንገደኞች ቁጥር ይበልጣል።

አሁን ምሥጢሩ ተገለጠ። ነዳጁን ከፍሎ መያዝ ማለት መንገደኞቹን ሳያስቀሩ መሄድ ማለት ነው። ዝቅ ባለ ቦታ ላይ ባለ አውሮፕላን ማረፊያ፣ በወፈረ አየር ውስጥ፣ የቀረውን ነዳጅ ሞልቶ መነሣት አይከብድም። ሲመለስ ግን ከዱለስ በሙሉ ክብደት ይነሣል፤ ነፋሱም ከኋላው ይገፋዋል። ቦሌ ሲደርስም ነዳጁን አቃጥሎ ስለጨረሰ ቀልሎ ያርፋል። የመሄጃውና የመመለሻው ልዩነት የተወለደው ከእነዚህ ሁለት ነገሮች፣ ከተራራው ከፍታና ከነፋሱ አቅጣጫ ነው።

ዋጋውም የጊዜ ብቻ አይደለም። አንድ ኪሎ ግራም የአውሮፕላን ነዳጅ ሲቃጠል 3.16 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ 68 ቶን ነዳጅ ሲቃጠል ከ210 ቶን በላይ ማለት ነው። በረጅም በረራ ላይ ከሚቃጠለው ነዳጅ ጥቂት የማይባለው ነዳጁን ራሱን ለመሸከም የሚውል መሆኑንም ማስታወስ ይገባል።

የሰዓቱ ነገር

የመንገደኛው ትኬት የሚነግረው የበረራውን ርዝመት ሳይሆን የየከተማውን የመነሻና የመድረሻ ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት 3 ሰዓት ትቀድማለች። ዋሽንግተን በክረምቷ 5፣ በበጋዋ ደግሞ 4 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። ስለዚህ ልዩነቱ አንድ ጊዜ 8፣ ሌላ ጊዜ 7 ሰዓት ይሆናል። አሜሪካኖች በመጋቢት ሁለተኛ እሑድ ሰዓታቸውን ወደ ፊት ይገፉታል፣ በኅዳር መጀመሪያ እሑድ ይመልሱታል፤ ወሮቹ በእነርሱ አቆጣጠር ናቸው። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆናችን የቀንና የሌሊታችን ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ተቀራራቢ ስለሆነ ይህን ማድረግ አያስፈልገንም።

አንድ አውሮፕላን በጥር ወር በ22፡30 ከአዲስ አበባ ተነሣ እንበል። ጉዞው ማረፊያውን ጨምሮ 17 ሰዓት ቢወስድ ዋሽንግተን የሚደርሰው በማግስቱ በ7፡30 ነው። ሰዓቱን ብቻ ያየ ሰው 9 ሰዓት የተጓዘ ይመስለዋል። ሲመለስ በ11፡00 ተነሥቶ 13 ሰዓት ቢበር ቦሌ የሚደርሰው በማግስቱ በ8፡00 ነው። በሰዓቱ ሲታይ 21 ሰዓት መሆኑ ነው። ሁለቱም የተሳሳቱ ናቸው፤ ድምራቸው ግን ትክክል ነው። 9 እና 21 ሲደመሩ 30 ይሆናሉ፣ 17 እና 13 ሲደመሩም 30 ናቸው። ሲሄዱ የተቀነሰው የሰዓት ልዩነት ሲመለሱ ስለሚጨመር በድምሩ ይጣፋል። ስለዚህ የሁለት ከተሞችን የሰዓት ልዩነት የማያውቅ ሰው እንኳ ከትኬቱ ላይ የደርሶ መልሱን እውነተኛ የበረራ ጊዜ ማግኘት ይችላል።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋትና ከምሽት ጀምረን ስለሆነ ከትኬቱ ሰዓት ጋር 6 ሰዓት እንለያያለን። በትኬቱ ላይ 22፡30 የተባለው ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ነው። ይህን አብዛኛው ሰው ያውቃል። ብዙዎችን የሚያሳስተው ቀኑ ነው። ትኬቱ “በ15 ቀን፣ 00፡30” ቢል ዓለም አቀፉ ቀን የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ስለሆነ በረራው የሚነሣው የ14 ቀን ምሽት አልፎ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። በእኛ የተለመደ አነጋገር ግን ያ ሌሊት ገና የ14 ሌሊት ነው። “የ15 ሌሊት” ብሎ የተረዳ መንገደኛ ሻንጣውን ይዞ ቦሌ ሲደርስ አውሮፕላኑ ከሄደ 24 ሰዓት ሆኖታል። ለልቅሶ ወይም ለሠርግ የሚጓዝ ሰው እንዲህ ያለው ስሕተት ምን እንደሚያስከፍለው መገመት አያዳግትም። እንግዲህ ከትልልቅ ሰዎቻችን አንዱ ለጉዞ ሲዘጋጅ ቀኑንና ሰዓቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጽፎ መስጠት ከተማረው ልጅ የሚጠበቅ ነው።

ለማጠቃለል ያህል

ኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 8 ቀን 1946 የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ሲያደርግ በአሥመራ በኩል አልፎ ነበር። የያኔው አውሮፕላን ፍጥነት ዛሬ ካለው ሲሶ ያህል ነበር። ከዚያ ወዲህ ሞተሩም፣ ክንፉም፣ አውሮፕላኑ የሚሠራበትም ቁስ ተለውጧል። የምድር ክብነት፣ የነፋሱ አቅጣጫና የቦሌ ከፍታ ግን እንዳሉ ናቸው። ወደፊት የተሻሉ ሞተሮች ወይም ዝቅ ባለ ስፍራ የሚሠሩ አውሮፕላን ማረፊያዎች ከቦሌ የሚነሣውን አውሮፕላን ሸክም ሊያቃልሉለት ይችላሉ፤ ነፋሱን ግን የሚያስቀይረው የለም። “ለምን እዚህ እናርፋለን?” ብሎ ለሚጠይቅ መንገደኛ በጎኑ የተቀመጠ የሳይንስ ተማሪ ሊሰጠው የሚችለው መልስ እነሆ ይህ ነው።

ለአንባቢያን የቀረበ መልመጃ፦ የዱባይ አውሮፕላን ማረፊያ በ25.25 ዲግሪ ሰሜንና በ55.36 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ይገኛል። ከላይ በተሰጠው ቀመር ከቦሌ ያለውን ርቀት አስሉ። ውጤታችሁ 2,500 ኪሎ ሜትርን በጥቂቱ የሚበልጥ ከሆነ ትክክል ናችሁ። ቀጥሎም ዱባይ ከአዲስ አበባ በ1 ሰዓት እንደምትቀድም በማሰብ፣ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የምዕራብ ነፋስ ቢኖር የመሄጃውና የመመለሻው ሰዓት በትኬት ላይ እንዴት እንደሚጻፍ ሞክሩት። ሁለቱ ቁጥሮች ሲደመሩ ምን እንደሚሰጡ አስቀድማችሁ መገመት ከቻላችሁ የጽሑፉ ዋና ሐሳብ ገብቷችኋል ማለት ነው።